ውሃው ተሸካሚ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው አየሩ ነው

ውሃ ኮምፒውተር አያቀዘቅዝም። ከፕሮሰሰሩ የሚነሣውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ከራዲያተሩ ላይ አንሥቶ የሚወስደው የክፍሉ አየር ነው። በማስታወቂያ የሚታየው፣ ባለቀለም ፈሳሽ በሚያብረቀርቅ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስበት ኮምፒውተር ይህን ሐቅ ከዓይን ይሰውረዋል። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራ ወይም ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ኮምፒውተሩ ሲግልበትና ፋኑ ሲጮህበት «ዕቃውን በርካሽ አሰባስቤ የራሴን የውሃ ማቀዝቀዣ ልግጠም» ቢል አይፈረድበትም። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሥራው ከቧንቧ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም፣ ዋጋውም ከሩቅ ሲታይ የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን የትኛው ዕቃ ላይ መቆጠብ እንደሚቻልና የትኛው ላይ እንደማይቻል ሳይለይ የተጀመረ ሥራ ውድ ሆኖ ያልቃል። ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው የውሃ ማቀዝቀዣን ከአማራጮቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሊያስቀምጠው ይገባል ባይ ነኝ። ደርሶ ከሠራውም ቁጠባውን በመልኩ ላይ ያድርግ፤ በመዳቡ፣ በፓምፑና በማያያዣው ላይ ግን አይሞክረው።

መነሻው የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለመሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ያለ አንድ ሊትር አየር ግን ከ1 ጁል ጥቂት ቢበልጥ ነው። ልዩነቱ ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ሙቀትን ከጠባብ ቦታ አንሥቶ ራቅ ወዳለ ቦታ በማድረስ ውሃን የሚስተካከለው የለም የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህን የሚክድ አይኖርም። ግን ከዚሁ ቁጥር ሌላም ነገር ይወጣል። 300 ዋት ሙቀት በሚያመነጭ ኮምፒውተር ውስጥ ውሃው በደቂቃ 4 ሊትር ቢዘዋወር፣ የጋሉትን ክፍሎች አልፎ ሲወጣ የሚጨምረው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የመሸከም አቅሙ ገና አልተነካም ማለት ነው። «ውሃው መጀመሪያ በፕሮሰሰሩ ይለፍ ወይስ በግራፊክስ ካርዱ?» የሚለው ክርክርም ሆነ የኃይለኛ ፓምፕ ፍለጋው ይህን ያህል ትርፍ የሌለው ለዚህ ነው። ማነቆው ያለው በጉዞው ላይ ሳይሆን በመድረሻው፣ ራዲያተሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። አንድ ፋን በደቂቃ የሚገፋው አየር በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ይቀንሳል፣ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ራዲያተር ላይ የተገጠሙ ሦስት ፋኖች በሰዓት 120 ሜትር ኩብ አየር ያሳልፋሉ እንበል። 300 ዋት ሙቀት ይህን አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ወደ 8 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ያሞቀዋል። አሽሬ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለዳታ ማዕከል መሣሪያዎች ባወጣው መመሪያ፣ በተለመዱት ደረጃዎች ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች፣ ከ900 ሜትር ከፍታ በኋላ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር እኛ ዘንድ 30 ላይ መቆም አለበት ማለት ነው። «አየራችን ስስ ስለሆነ ውሃ ይሻለናል» የሚለው አስተሳሰብ የሚፈርሰው እዚሁ ነው፤ ራዲያተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ነው። ውሃ የሚሰጠው እውነተኛ ብልጫ አንድ ነው፦ ፕሮሰሰሩ አናት ላይ ሊቀመጥ የማይችል ሰፊ የብረት ገጽ ሌላ ቦታ ላይ ለመትከል ያስችላል። ገጹ ካልሰፋ ብልጫው የለም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ለአዲስ አበባ የሚያደላ ነገርም አለ፤ የክፍሏ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው፣ ከፍታው የወሰደውን የአየሩ ቅዝቃዜ በከፊል ይመልሰዋል። እንደ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ያለ ሰው «እኛ ጋ ይሞቃል፣ ውሃ ግድ ነው» ቢል ግን ተሳስቷል። በራዲያተር የሚዘዋወር ውሃ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም። ክፍሉ 38 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የክፍሉን ሙቀት ማውረድ ወይም የኮምፒውተሩን ፍጆታ መቀነስ ነው።

ፍጆታን መቀነስ የሚለው ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ ነው። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ በ2025 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 575 ዋት ነው። በአንጻሩ አርቲኤክስ 4060 የሚበቃው 115 ዋት ነው። አምራቾች በፍጥነት ሰንጠረዥ አንድ ደረጃ ለመቅደም ሲሉ ቺፑን ከሚመቸው መጠን አሳልፈው ይገፉታል፤ የመጨረሻዎቹ በርካታ ዋቶች የሚያስገኙት የፍጥነት ጭማሪ ጥቂት በመቶ ነው። በባዮስ ወይም በነጻ ሶፍትዌር የኃይል ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች «ኢኮ ሞድ» የሚባል ምርጫ ተሠርቶላቸው ይመጣሉ። አንድን ግራፊክስ ካርድ ከሙሉ ኃይሉ ወደ ሰባና ሰማንያ በመቶ አውርዶ የሥራውን ፍጥነት መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ልዩነት ለደንበኛ የሚነገር አይደለም። ይህን ሳይሞክሩ ፓምፕ ማዘዝ ቧንቧ ክፍት ትቶ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ነው። እንደ ታይዋኑ ቴርማልራይት ያሉ ኩባንያዎች ስድስት የመዳብ ቧንቧና ሁለት ፋን ያለውን ማማ መሰል ማቀዝቀዣ በ40 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ፤ አቅሙም ባለ240 ሚሊሜትር ራዲያተር ከሆኑ ብዙ ዝግጁ የውሃ ማቀዝቀዣዎች ጋር ይፎካከራል። የሚገርመው እነዚያ የመዳብ ቧንቧዎች ውስጥም ያለው ውሃ መሆኑ ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ጥቂት ውሃ ይገባና ቧንቧው ለዘለዓለም ይታሸጋል፤ ውሃው ከፕሮሰሰሩ በኩል ይተናል፣ በቀጫጭን የብረት ቅጠሎቹ በኩል ቀዝቅዞ ይጤዛል፣ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ባለው ስስ ሽፋን ተስቦ ይመለሳል። ፓምፕ የለው፣ ማያያዣ የለው፣ የሚሞላ ፈሳሽ የለው። የሚበላሽበት ነገር ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ የትም ይገኛል። በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አቧራ በየጊዜው ማስወገድና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየርም ከዚሁ ወገን ነው። ግንባታ በማያባራበት ከተማ ውስጥ የብዙ ኮምፒውተር «የሙቀት ችግር» አቧራ ነው፤ ጥቅጥቅ ያሉ የራዲያተር ቅጠሎች ደግሞ አቧራውን ይበልጥ ይይዛሉ።

ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ውሃ የሚያስፈልገው ሰው አለ። ለረጅም ሰዓት ሳያቋርጥ ሬንደር የሚያደርግ፣ ከባድ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ድምፅ የማይፈልግ ሰው ለምሳሌ። እርሱ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ይሥራ። ፓምፕ ከነማጠራቀሚያው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ ብሎክ፣ ራዲያተር፣ ፋኖች፣ ቱቦና ማያያዣዎች ያስፈልጉታል። የቻይናዎቹ ባሮውና ቢክስኪ ከአውሮፓዎቹ ኢኬና አልፋኩል በጣም ይረክሳሉ፤ ጥራታቸውም ብዙ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ጀማሪን ሁልጊዜ የሚያስደነግጡት ትንንሾቹ ማያያዣዎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል መግቢያና መውጫ አለው፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ማያያዣ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ያለበት ቀላል ዙር ስምንት ማያያዣ ይወስዳል፣ መታጠፊያ ሲጨመር ቁጥሩ ያሻቅባል። የግራፊክስ ካርድ ብሎክ ደግሞ ለአንድ የካርድ ሞዴል ብቻ የተቀረጸ ስለሆነ ካርዱ ሲቀየር ብሎኩ ለምንም አይሆንም። ይህ ሁሉ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንዲት የጎማ ቀለበት ብትቀደድ ተተኪዋን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። መለዋወጫው ከመግዣው ጋር አብሮ ካልታዘዘ ርካሽነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ቁጠባው ፈጽሞ ሊነካው የማይገባው ቦታ ብረቱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የጀመሩት ወጣቶች የዓሣ ማርቢያ ፓምፕና ከድሮ መኪና የተነቀለ የካቢን ማሞቂያ ራዲያተር እየተጠቀሙ፣ ብሎኩን ከመዳብ ራሳቸው እየቀረጹ ነበር። ራዲያተሩ የሠራላቸው የእነዚያ አሮጌ መኪኖች ማሞቂያ ከመዳብና ከናስ የተሠራ ስለነበረ ነው። ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ ከአዲስ ሞዴል መኪና የወጣ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መደበኛ የኤሌክትሪክ ልዩነት 2 ቮልት ያህል ነው፣ እየተበላ የሚሄደውም አሉሚኒየሙ ነው። በመጀመሪያ ዝቃጭ ይታያል፤ ቀጥሎ በብሎኩ ውስጥ ያሉት፣ ከሚሊሜትር በታች የሚሰፉ ጎድጓዳ መስመሮች ይደፈናሉ፤ በመጨረሻ ራዲያተሩ ይበሳል። የመኪና ኩላንት መጨመር ዝገቱን ያዘገየዋል፣ አያስቀረውም። በኢንተርኔት በጣም ረክሰው የሚሸጡት ጥቁር ቀለም የተቀቡ ራዲያተሮችም ብዙዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን በክብደቱ ወይም በጥቂቱ ፋቅ አድርጎ መለየት ይቻላል። ሙሉ ዙሩን በአሉሚኒየም መሥራት ችግር የለውም፤ ኢኬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁሉም ክፍል አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ስብስብ አውጥቶ ነበር። ችግሩ ቆይቶ አንድ ክፍል ሲቀየር ነው፤ ገበያው በመዳብ የተሞላ ስለሆነ መቀላቀሉ አይቀርም።

ፈሳሹ ላይ ግን በደንብ መቆጠብ ይቻላል፤ የሚያስቀው ሰዎች በብዛት የሚያባክኑት እዚህ መሆኑ ነው። ባለቀለምና ወተት መሰል ፈሳሾች ቀለማቸውን የሚያገኙት ውሃው ውስጥ ከተበተኑ ነገሮች ነው፤ በተለይ ወተት መሰሎቹ ጊዜ ሲያልፍ ይዘቅጣሉ፣ የብሎኩን መስመር ይደፍናሉ። ዲስቲልድ ውሃና ጥቂት የአልጌ መከላከያ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለበት አይሆንም፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገውም ለመጠጥ ንጹሕ ነው እንጂ ከማዕድን ነጻ አይደለም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ይሠራል፤ ግን ከአጠገቡ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ እንዳይሆን ጽሑፉን አንብቦ መግዛት ነው። ቱቦውም እንዲሁ፦ መስታወት መሰሉ ደረቅ ቱቦ ለማጠፍ ማሞቂያ፣ ልምድና የሚጣል ትርፍ ቱቦ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ግልጽ ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ እየቆየ ማለስለሻውን ወደ ውሃው ይለቃል፣ ይደበዝዛል። ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር ጎማ አያምርም፤ ዓመታት ይቆያል። በራዲያተሩ ስፋት ላይ ደግሞ መጨመር ይሻላል። ድምፅ ሳያሰሙ ለመሥራት ለእያንዳንዱ 100 ዋት አንድ ባለ120 ሚሊሜትር ፋን የሚሸፍነው ገጽ የሚለው ልማዳዊ መለኪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ላሉት ነው፤ ከላይ በተባለው የአየር ስስነት ምክንያት አዲስ አበባ ላይ 75 ዋት ብሎ ማሰብ ይበጃል። እነርሱ በሦስት ፋን የሚገፉትን 300 ዋት እኛ በአራት እንገፋዋለን። ፕሮሰሰርንም ግራፊክስ ካርድንም በአንድ ባለሁለት ፋን ራዲያተር ላይ ማሰር የርካሽ ሥራ ዋነኛ ስህተት ነው፤ ፋኖቹ እየጮኹ ይዞራሉ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው የባሰ ድምፅ ይወጣል፣ የፓምፑ ጉርምርምታም ይጨመርበታል።

«ታዲያ ዝግጁውን፣ ተገጥሞና ታሽጎ የሚሸጠውን አንገዛም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ሰው ከራስ ሥራው የተሻለ ምርጫም ነው። ጉድለቱ ፈሳሹ በጎማው በኩል ቀስ በቀስ እየተነነ መቀነሱ፣ አብዛኛውም ዳግም የማይሞላ መሆኑ ነው። ፓምፑ ሲሞት ሙሉ ዕቃው ይጣላል። በራስ የተሠራው ዙር በዚህ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይቀየራል። ግን ይህ ብልጫ የሚሠራው በየዓመቱ ገደማ ፈሳሹን ለመቀየርና ብሎኩን ከፍቶ ለመመልከት ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው። ሌላው የሚነሣው «ታላላቆቹ ኩባንያዎች እኮ ወደ ውሃ እየዞሩ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የኤንቪዲያ ጂቢ200 ኤንቪኤል72 የሚባለው ሥርዓት 72 ቺፖችን በአንድ መደርደሪያ ውስጥ አጭቆ ወደ 120 ኪሎ ዋት ይወስዳል፣ ያለ ውሃም አይሠራም። እነርሱን ያስገደዳቸው ግን እፍጋቱ ነው፤ ያን ሁሉ ሙቀት ከዚያ ጠባብ ቦታ በአየር ማውጣት አይቻልም። ጠረጴዛ ሥር ባለ ባዶ ቦታ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ያ ችግር የለበትም። እነርሱ ዘንድ ደግሞ ፍሰቱንና ፍሳሹን ሌሊትና ቀን የሚከታተል መሣሪያና ባለሙያ አለ። ያም ሆኖ ትልቅ አቅም ፍሳሽን ፈጽሞ እንደማያስቀር አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ካወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 መረዳት ይቻላል፤ ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ አፍስሰው ውስጣቸውን አበላሽተዋል።

ስለ ፍሳሽ ከተነሣ፣ «ዲስቲልድ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ቢፈስም አይጎዳም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ እያለ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ ለሳምንታት በብረት መካከል ሲዞር ከቆየ በኋላ ግን ብናኝ የብረት ጨው ይዟል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው አቧራም ይጨመርበታል። ስለዚህ አዲስ ዙር ሲሞላ ፓወር ሰፕላዩ ለፓምፑ ብቻ ኃይል እንዲሰጥ ተደርጎ፣ ሌላው ሁሉ ተነቅሎ፣ በየማያያዣው ሥር ሶፍት ተነጥፎ ቢያንስ አንድ ሌሊት መሞከር አለበት። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ሶፍቱ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚዘለለውም እርሱው ነው።

በእኔ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የዋጋም የሙቀትም አይደለም፤ የትምህርት ነው። አንድ ወጣት ፓምፕ፣ ራዲያተርና ብሎክ አገናኝቶ ሙቀት ከብረት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አየር እንዴት እንደሚሻገር በእጁ ቢማር፣ ዕቃው የሚያወጣው ገንዘብ ከአንድ ኮርስ ክፍያ የሚበልጥ አይደለም ይባላል። ይህን እቀበላለሁ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቢሠሩበትም ደስ ይለኛል። ብሎክ የሚቀረጽበት መዳብ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይገኛል፣ የሚቆርጠው ማሽንም ከኮሌጁ ወርክሾፕ አይጠፋም። ግን ለዚያ የሚመረጠው ኮምፒውተር ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ፣ ውሃ ቢፈስበት ማንም የማይጠይቅበት ይሁን። የደንበኛ ሥራ የተጫነበት፣ ባለቤቱ እንጀራ የሚበላበት ማሽን ላይ ግን የአርባ ዶላሩ የአየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞ፣ የኃይል ጣሪያው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ፣ የተረፈው ገንዘብ ለዩፒኤስና ለተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ይዋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ያላስቀመጡትን ሥራ ማጣት ከአምስት ዲግሪ ሙቀት ይልቅ ብዙ ባለሙያዎችን ይጎዳል።